የአብዱሰመድ ሰላምታ

መቀሌ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጀይሉ፣ ዐደን

አሰላሙ ዐለይኩም ወንድም ዓለም። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ የተሟላ፣ ሪዝቅህ፣ ሲሳይህ የሰፋ፣ ከባሕሩም ከሰዉም ክፉ የተጠበቅህ ሆነህ ያግኝህ። እኔ አለሁ። እናታችንም አለች። አለች ስል ግን እንዴት እንዳለች ልንገርህ።

አስቀድሜ፣ ፊደልሽ ጠመመ ብለህ እንዳትስቅብኝ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጽሕፈት ካስተማረኝ ወዲህ ብዕር የምይዘው ላንተ ስጽፍ ብቻ ነው። ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው እጁ አይታዘዝለትም።

እናታችን መተኛት ትታለች። አውሮፕላን ከተማችን ላይ ቦምብ ከጣለበት ዓመት ጀምሮ እንቅልፏ ስስ ነበር፤ አሁን ግን ጭራሽ ጠፋ። ሌቱን ቁጭ ብላ ታነጋዋለች። ቀን ደግሞ የዐስርን ሰላት ሰግዳ ስታበቃ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቁሓ መንገድ ትወጣለች። አብዱሰመድ በዛሬው መኪና ይመጣል ትላለች። እጇን ይዤ ስመልሳት አንዳንድ ቀን እኔን አታውቀኝም፤ አንቺ ሴትዮ ልቀቂኝ፣ ልጄ ሲወርድ ተቀባይ ሰው ይጣ ወይ ትለኛለች። ባለፈው ሰኞ ገፍታ ጣለችኝ። ሰባ ያለፋት ሴት ያን ጉልበት ከየት አመጣችው ብዬ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ ሳቅሁ። ሳቁ መጨረሻው ለቅሶ ሆነብኝ።

እኔም ደህና አይደለሁም። ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው እጨምራለሁ፤ እንስራ ተሸክሜ ቆሜ አንቀላፋለሁ። አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናገርኳት። ምን እንዳልኩ አልጽፍልህም።

ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። ዐደን የእንግሊዝ መድኃኒት አይጠፋምና እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ላክልኝ። ሌላው፣ ወንድማችን አብዱሰመድ በገዛ እጁ ጽፎ ይላክላት። አንተ ዘንድ የሄደ ሰሞን በየደብዳቤህ ጥግ ላይ ራሱ ይጽፍላት ነበር፤ ሳነብላት ፊቷ ይፈካ ነበር። ከመሄዱ በፊት ደጃፋችን ላይ ስለተከላት ሎሚ ሳይጠይቅም ቀርቶ አያውቅም። በገዛ እጁ መጻፍ ካቆመ ዓመት ሊሆነው ነው።

ጎረቤታችን ብርቄ ደግሞ ስለ አንድ ሐኪም ነገረችኝ። ኢስሃቅ ይባላሉ፤ በጣሊያን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ቁስል ያጥቡ የነበሩ ሰው ናቸው። መድኃኒት ሲያልቅ ፈረንጁ ዶክተር ቁስለኛውን በንግግር ብቻ ሲያስተኛ አይተው ተምረዋል አሉ። ዛሬ ሽማግሌና አሮጊት እየዞሩ ያሳርፋሉ። አንተ ምን ትላለህ?

መልስህን በነጋዴው በሀሰን እጅ ስደድልኝ።

እህትህ ረሒማ


ዐደን፣ ኅዳር 28 ቀን 1938 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሒማ

ወዐለይኩሙ ሰላም። ልፋትሽን የሚያይ አላህ ትከሻሽን ያጽናልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ቆዳ ነጋዴው ቤት እንደነበርኩ አለሁ።

ኪኒኑን ለሀሰን ሰጥቼዋለሁ። ማታ ማታ አንድ ብቻ። ለእማ ሻሽ፣ ላንቺ ጫማ አድርጌበታለሁ፤ ጫማው ከጠበበሽ ብርቄ ትውሰደው።

ያ ሰውዬ ግን ደጃችንን እንዳይረግጥ። ሰውን በንግግር ማስተኛት ሲሕር፣ ድግምት ካልሆነ ምንድን ነው? እናታችን አምስት ወቅት ሰጋጅ ናት፤ በእርጅናዋ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አታስገቢብኝ።

አብዱሰመድ መርከብ ላይ ሥራ ይዟል። ዐደንን የሚረግጠው አልፎ አልፎ ነውና ተቀምጦ ለመጻፍ ጊዜ የለውም። ሰላም በሉልኝ ብሏል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እማ የኔንስ ስም ታነሳለች?

ወንድምሽ ጀይሉ


መቀሌ፣ ጥር 20 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም ለጀይሉ

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ የላክኸው ሁሉ ደርሷል፤ አላህ እጅህን አያሳጥረው። ጫማው ልኬ ነው። ብርቄ አዝናለች።

ኪኒንህ ግን ከምን እንደተሠራ አላህ ይወቅ። ለእማ አንድ ሰጠኋት። በማግስቱ ስትነሳ ጣራውም መሬቱም ዞረባትና የበሩ ደፍ ላይ ወደቀች፤ ግንባሯ ተላጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ምላሷ ተሳስሮ ሰነበተ። የቀረውን ሽንት ቤት ጣልኩት። አትቆጣ፤ ብትቆጣም ዐደን ነህ።

ከዚያ በኋላ ሐኪም ኢስሃቅን ጠራኋቸው። ቃልህን ንቄ አይደለም። ሲሕር ነው ያልከውን ለሼህ አብዱልወሃብ ነገርኳቸው፤ እንግዲያ እኔ ተቀምጬ ልስማ አሉ። ሁለቱ በአንድ ላይ መጡ።

ሐኪሙ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት እሷን ማስፈቀድ ነው። «ኣደ ሁሪያ፣ እናቴ፣ ላሳርፍዎት ነው የመጣሁ። አልፈልግም ካሉ ሻዬን ጠጥቼ እሄዳለሁ» አሏት። እማም ሻዩን ጠጣና እናያለን አለቻቸው። ልጅ ሳለች የት መቀመጥ ትወድ እንደነበር ጠየቋት። ቦርከና ዳር፣ እግሯን ውሃ ውስጥ አድርጋ። ይህን እኔ ልጇ ሰምቼው አላውቅም ነበር። መቁጠሪያዋን አስያዟትና በተነፈሰች ቁጥር አንዷን ፍሬ እንድትለቅ ነገሯት። ከዚያ ስለ ውሃው ያወሯት ጀመር፤ ቀዝቃዛ ነው፣ እግርዎን እየነካ ያልፋል፣ ትከሻዎ እየከበደ ነው፣ የሚያስቸኩል የለም። ድምፃቸው እየወረደ፣ እየዘገየ ሄደ። ዐሥራ አምስተኛዋ ፍሬ ላይ ጣቷ ቆመ። የግንባሯ መጨማደድ ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። ተኝታለች እንዳልል ሲጠይቋት ትመልሳለች።

ሼሁ ከአላህ ስም በቀር የተጠራ ስም አልሰማሁም፣ ውሸት እስካልገባበት ድረስ ነውር የለውም አሉ። መሀል ላይ እሳቸውም ሸለብ አድርጓቸው ነበርና ሁሉንም መስማታቸውን እንጃ።

ከዚያ ሐኪሙ ወደኔ ዞሩ። «አንቺስ መቼ ነው የተኛሽው?» አሉኝ። ለካ ሁለት በሽተኛ ነው ያለኝ አሉና እኔንም ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ቦርከናን አላውቀውምና በሐሳብ በዓይናለም የውሃ ጉድጓድ በኩል ወሰዱኝ። ሳለቅስ ነቃሁ። ጀይሉ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ እንዴት ነሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ይመጣሉ። በነዚያ ቀኖች ብርቄ ከእማ ጋር ትቀመጣለች፤ እኔ እተኛለሁ። ሐኪሙ የኔ እንቅልፍ የእማ መድኃኒት ግማሽ ነው ብለው ስላዘዙ ብርቄ እምቢ ማለት አልቻለችም። እሳቸው በማይኖሩበት ጊዜም ድምፄን እንዴት ዝቅ እንደማደርግ፣ ከትንፋሿ ጋር እንዴት እንደምናገር አስተምረውኛል። አብዱሰመድ መጣ ብላ ስትነሳ ደግሞ አልመጣም እያልኩ እንዳልሟገታት፣ እስቲ ስለሱ አጫውቺኝ እንድላት ነገሩኝ። ታጫውተኛለች፤ ስታጫውተኝም መውጣቱን ትረሳዋለች። የሚከፈላቸው አይቀበሉም፤ ሻይ ብቻ።

ያንተንም ስም ታነሳለች። ጀይሉ ጠንካራ ነው ትላለች።

የአብዱሰመድን ሰላምታ ሳነብላት ግን ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረች። መርከቡ ሲመለስ በርኅራኄ ሁለት መስመር ይጻፍላት።

እህትህ ረሒማ


ዐደን፣ መጋቢት 5 ቀን 1938 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም ረሒማ

አላህ ያሰበልሽን በጎ ሁሉ ያድርስልሽ። ስለ ኪኒኑ አፉ በይኝ። ስለ ሐኪሙም የተናገርኩትን መልሻለሁ፤ ሼሁ ከሰሙት እኔ ማን ነኝ።

አብዱሰመድ ባለፈው ሳምንት ለአንድ ቀን ወርዶ ነበር። ሎሚዋ እንዴት ናት፣ ፍሬ ያዘች ወይ ብሎ ጠይቋል። እጁን ገመድ ልጦት ስለነበረ አልጻፈም።

እንግዲህ አደራ የምልሽን ስሚኝ። ሐኪሙ ያን ያህል ከሆኑ፣ እማ በዚያ ሰመመን ውስጥ ሳለች አንድ ነገር ይንገሩልኝ። አብዱሰመድ ደህና ነው፣ ሩቅ ነው፣ ከእንግዲህ አትጠብቂው ይበሏት። ይህ ብቻ ልቧ ውስጥ ከገባ መንገድ መውጣቷ ይቀራል፤ አንቺም ታርፊያለሽ።

ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ጀይሉ


መቀሌ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለጀይሉ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ምርቃቱን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት፤ አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።

ያልከውን ለሐኪም ኢስሃቅ ነገርኳቸው። የያዙትን ሻይ መልሰው አስቀመጡት። «ሰው በዚያ ሰዓት በሩን ከፍቶ ነው የሚያርፈው። በተከፈተ በር ገብቼ ውሸት አስቀምጬ አልወጣም» አሉኝ። ቀጥለውም ልጁ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኩ። ማታ ግን ደብዳቤዎችህን አውጥቼ ደግሜ አነበብኳቸው።

አሁን የሠራሁትን ልንገርህ። ይህን የምነግረው ሰው ካንተ በቀር የለኝምና ልትፈርድብኝ ትችላለህ።

በፋሲካ ሰሞን ሐኪሙ እህታቸው ታማባቸው ዓይናለም ሄዱ። ብርቄም በዓል ነውና ከዘመዶቿ ጋር ነበረች። የእማ ነገር ወደ ጥንቱ ተመለሰ። አራት ቀን እኔም እሷም ዓይናችንን ሳንከድን ዋልን፣ አደርን። በአምስተኛው ቀን ከዝሁር ሰላት በኋላ መቁጠሪያዋን አስያዝኳት፤ እንዳስተማሩኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፤ ቦርከና ዳር አስቀመጥኳት። ጣቷ ሲቆም፣ አብዱሰመድ ዓርብ በመኪና ይመጣል፣ እስከዚያ ተኚ አልኳት። አትጠብቂው ልላት አቃተኝ፤ ቀን ቆርጬ ከሰጠኋት እስከዚያ ቀን ድረስ እንቅልፍ ይገዛልኛል ብዬ ነው። ዓርብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ቀን እሰጣታለሁ ብዬ ነበር።

ተኛች። ሦስት ቀን ተኛች። እኔም ወላሂ እንደነዚያ ሦስት ቀኖች ተኝቼ አላውቅም።

ዓርብ ጧት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። አዲሱን ሻሽህን አስራ ወጥታለች። ቁሓ መንገድ ላይ፣ መኪኖቹ ከሚያዘግሙበት ዳገት አጠገብ፣ ሾፌሩ ሀብቴ ወድቃ አገኛት። ድንጋይ ላይ ቆማ ልታይ ስትል ነው የተንሸራተተች። በጋቢና አሳፍሮ አመጣልኝ። እግሯ መሬት አልነካ ብሎ ተሸክመን ስናስገባት እንኳ በሚቀጥለው ይመጣል፣ አትዘኑ እያለች ሾፌሩን ታጽናናው ነበር። ወጌሻው ዳሌዋን አይቶ ዕድሜዋን ጠየቀና ዕቃውን ሰብስቦ ተነሳ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ተኝታለች።

ሐኪሙ ተመልሰው ሲሰሙ አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ እንዴት እንደሚደረግ አስተምሬሽ ምን እንደማይባል አላስተማርኩሽም አሉ።

ጀይሉ፣ ኪኒን ለምኜህ ነበር፤ የእጁን ጽሕፈት ለምኜህ ነበር። ዛሬ ሁለቱንም አልፈልግም። ወንድማችን አለ ወይስ የለም?

ረሒማ


ዐደን፣ ሰኔ 18 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለእታለም ረሒማ

ይህን ወረቀት ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ቁጭ በይ።

አብዱሰመድ የለም። አምና ኅዳር 14 ቀን ሞተ። መርከብ ላይ ሳይሆን እዚሁ፣ የሕመምተኛ ቤት ውስጥ፣ በንዳድ ነው። ስድስት ቀን ብቻ ተኛ። እኔ ጌታዬ ለቆዳ ጉዳይ ሌላ አገር ልከውኝ ነበርና የደረስኩት ከተቀበረ በማግስቱ ነው። የቀበሩት የአገራችን ሰዎች ናቸው፤ በወጉ አጥበው፣ በወጉ ሰግደውበታል። የተረፈኝ ሸሚዙ ነው።

መርዶ በወረቀት አይነገርም። አባታችን ሲሞት እንኳ ማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ፣ እማን ሁለት ሴቶች ይዘዋት ነው የተነገራት። አንቺ ብቻሽን በምታነቢው ደብዳቤ እንዴት ብዬ? ራሴ ሄጄ እነግራለሁ እያልኩ አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛው አለፈ። በየወሩ ሰላም ብሏል ብዬ ስጽፍ የሚቀጥለውን መጻፍ የባሰ ከበደ።

ወጉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በመጀመሪያው መርከብ በመጣሁ ነበር። እውነቱን ልናገር። ና ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። እማ ይኸንን ልጅ እንኳ ተውልኝ ብላ ስትለምነኝ እንደ ዓይኔ እጠብቀዋለሁ ብዬ የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ፊቷን ማየት ፈራሁ እታለም። አንቺን አድክሜ፣ እሷን መንገድ ላይ አስጥዬ፣ እኔ እዚህ ስፈራ ከረምኩ።

ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ። እስከዚያ አትንገሪያት። እኔ ልንገራት።

ጀይሉ


መቀሌ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1938 ዓ.ም.

ለወንድም ዓለም

አላህ ለወንድማችን ይዘንለት፤ ላንተም ልብ ይስጥህ። ደብዳቤህን ያነበብኩት ብርቄ ቤት ጓሮ ነው፤ እናታችን እንዳትሰማ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። ተቆጥቼብሃለሁ። ስትመጣ እነግርሃለሁ፤ አሁን የሚቀድም ነገር አለ።

አትንገሪያት ያልከኝን ልጠብቅልህ አስቤ ነበር። ሐኪም ኢስሃቅ፣ የመርዶው ወግ የእናንተ ነው፣ አልገባበትም፤ ይህን ብቻ እወቂ፣ የምትሰማውን ነቅታ ትስማ፣ እኔ ከዚያ በኋላ እመጣለሁ አሉኝ።

ባለፈው ሐሙስ አሳርፈዋት ከሄዱ በኋላ እማ አእምሮዋ ጥርት ብሎ ነቃች። ስሜን ጠራችኝ። ሳጥኑን ክፈችና የጀይሉን ደብዳቤዎች በሙሉ አምጪ አለች። የመጨረሻውን ደበቅሁ። ሌላውን ተዪው፣ የአብዱሰመድን ሰላምታ ብቻ አንብቢ አለችኝ።

አነበብኩላት። የመጀመሪያዎቹ በእጁ የጻፋቸው ናቸው። «የእማን ጉልበት ሳሙልኝ። ሙሽራዬን ውሃ እንዳትነፍጓት።» ቀጥሎ፣ «ሙሽራዬ አደገች ወይ? ፍየል እንዳይደፍርብኝ።» እንዲህ ያሉ አምስት ነበሩ። ከዚያ ያንተ መጡ። አብዱሰመድም ሰላም ብሏል። አብዱሰመድም ሰላም ብሏል። መጨረሻ ላይ ሎሚዋ እንዴት ናት የምትለዋን አነበብኩ።

እማ እጄን ያዘች። አብዱሰመድ ሎሚዋን ሙሽራዬ እንጂ ሎሚዋ ብሎ አያውቅም አለች። ከዚያ «መቼ ነው?» አለችኝ።

ጀይሉ፣ እኔ ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። አምና ኅዳር አልኳት። አልጮኸችም። ዓመት ከዘጠኝ ወር አለች፤ ወራቱን በመቁጠሪያዋ ቆጥራ ነው። ልጄ ተቀብሮ ሳለ እኔ መንገድ ላይ ቆምኩለት አለችና ያኔ አለቀሰች። ብርቄን ጠራሁ፤ በማለዳው ሼህ አብዱልወሃብና ሰፈርተኛው መጡ፤ እንደገና በወጉ ተነገረ፤ እሷም ገና እንደሰማች ሆና ተቀበለች። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ሐኪሙ በየቀኑ መጡ። የሚያሳርፏት ቦርከና ወስደዋት ነው፤ ስለ አብዱሰመድ አንድ ቃል አይጨምሩም።

ይቅርታ ልጠይቃት ስለ ዓርቡ ነገር አነሳሁባት። ያለችኝን እንዳለች ልጻፍልህ። «ተኝቼ ይሁን ነቅቼ እንጃ፤ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ግን ሰምቼዋለሁ። ልጄ እንዲህ ከለመነችኝ ልተኛላት አልኩ። ዓርብ ሲደርስ ደግሞ ቃልሽ ባዶ እንዳይቀርብሽ ብዬ ወጣሁ።»

እንግዲህ እኔ ይህን ይዤ ነው የምኖረው።

አልነሳችም፤ የምትነሳም አይመስለኝም። ትንሽ ትንሽ ትቀምሳለች። ትተኛለች ግን፤ እኔም እተኛለሁ። ላንተ የላከችው ቃል ይህ ነው። ለጀይሉ ጻፊለት፣ በሟች ስም ሰላም ማለቱን ይተው፤ የገዛ ሰላምታው ይበቃኛል፤ እሱም ልጄ ነው አለች።

ክረምቱ እስኪወጣ አትጠብቅ።

እህትህ ረሒማ


ምጽዋ፣ መስከረም 9 ቀን 1939 ዓ.ም.

ለእታለም ረሒማ፣ ለእናቴ ለሁሪያ

ከእኔ ከጀይሉ ብቻ ሰላም ይድረሳችሁ።

ትናንት ከመርከብ ወርጃለሁ። ሸሚዙን ይዣለሁ። እማ በሕይወት ካለች ይህን አንብቢላት፤ ከሌለችም ለኔ ብለሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው። ሙሽራይቱን ከደረስኩ በኋላ ውሃ የማጠጣት እኔ ነኝ።

ለሐኪሙ ሻይ አፍልተሽ አቆዪልኝ። እኔም ወንበራቸው ላይ መቀመጥ ሳያስፈልገኝ አይቀርም፤ መርከቡ ላይ አልተኛሁም።

ከዚህ አሥመራ፣ ከአሥመራ በሚገኘው መኪና እመጣለሁ። ሾፌሮቹ ቀኑን ነግረውኛል። ማንም ወደ ቁሓ መንገድ እንዳይወጣ፣ ለማንም ድንጋይ ላይ እንዳይቆምልኝ፣ የምደርስበትን ቀን አልጽፍላችሁም።

ጀይሉ